ፈቅዳለች

ቴታ ፊልም ሲያዩ ሰው እንዲያናግራቸው አይፈልጉም ነበር። ስልክ ቢጮህ አያነሱም። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይዤ ስቀርብ እንኳ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙኛል። ቆይ፣ ይቺ ትጨርስ ማለታቸው ነው። «ይቺ» ሻዲያ ናት፤ የግብፅ ተዋናይትና ዘፋኝ።

ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ከማንም በላይ አብሬ የቆየሁት ከእኒህ አሮጊት ጋር ነው። የማዳሜ እናት ናቸው። ቴታ በእነሱ አያት ማለት ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚጠሯቸው እኔም ቴታ እላቸው ነበር። ጠዋት ቤት አጸዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ማዳም ሥራ ስለምትሆን ሳሎኑ ለሁለታችን ይቀራል። እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ። ጭኔ ላይ ሰፊ ትሪ አድርጌ የሙሉኺያ ቅጠል እቀነጥሳለሁ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ የግብፅ ፊልም ያሳያል።

አረብኛ የተማርኩት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ወሎ ቁርዓን ቀርቻለሁ። ግን የቁርዓኑ አረብኛና የሳሎኑ አረብኛ ለየቅል ናቸው። ከፊልሞቹ ቀድመው የገቡኝ ሦስት ቃላት ነበሩ። ቤት። ደም። ሞት። አነጋገራቸው ትንሽ ይለያል እንጂ የእኛው ናቸው። ሰው በማላውቅበት አገር እነዚህ ሦስቱ እንደ ዘመድ ሆኑልኝ።

ዛሬ ስለ አንዱ ፊልም ልጽፍ ነው። ብዙ ጊዜ ልጽፍ ተነስቼ ትቼዋለሁ። «ሸይእ ሚነል ኸውፍ» ይባላል፤ «ጥቂት ፍርሃት» ብንለው ያስኬዳል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዳይሬክተሩ ሁሴን ከማል ነው። ታሪኩ የደራሲው ሰርወት አባዛ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩትንና የዘፈኑን ግጥም የጻፈው አብዱረህማን አል-አብኑዲ ነው፤ የገጠሩን አረብኛ እንደ ወርቅ የሚያነጥር ገጣሚ። ሙዚቃው የበሊግ ሃምዲ።

መጀመሪያ ያየሁት በ2005 ዓ.ም ክረምት ነው። ያን ሰሞን ካይሮ በሰልፍ ትናጥ ነበር። ዜናው ላይ ካርቶን የያዘ አንድ ሰው ታየ። ቴታ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ገዋዝ አትሪስ ሚን ፉአዳ ባጢል!» ሊባኖሶች «ጅ» የሚሉትን ግብፆች «ገ» ይሉታል፤ ቴታም ሆን ብለው እንደ ግብፅ ሰው ነው ያነበቡት። አትሪስ ከፉአዳ ጋር ያሰረው ጋብቻ ባጢል ነው ማለት ነው። ባጢል የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ውዱእ ሳያደርግ የሰገደ ሰው ሶላቱ ባጢል ነው ይባላል። ተደርጎም እንዳልተደረገ የሚቆጠር ነገር ነው። ግን አትሪስ ማነው? ፉአዳስ? ቴታን ጠየቅኳቸው።

«ፉአዳን አታውቂያትም?» አሉኝ። የጎረቤት ልጅ የረሳሁባቸው ይመስል ቅር አላቸው።

ፊልሙ በሳምንቱ መጣ። ከወጥ ቤት ጠርተው አስቀመጡኝ። ሙሉኺያውን ተይው አሉ።

መንደሯ ደሃሽና ትባላለች። ሽማግሌው አትሪስ ከነታጣቂዎቹ ይገዛታል። ይዘርፋል፣ ይገድላል፣ ግብር ያስከፍላል። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል። ይህ ሰው ስሙን የወረሰ አንድ የልጅ ልጅ አለው። ትንሹ አትሪስ ለስላሳ ልጅ ነው፤ ግፍ አይወድም። ከፉአዳ ጋር አብሮ ሲጫወት ያደገ ነው፤ ይወዳታል፣ ትወደዋለች። አያቱ ግን የሚፈልገው ወራሽ ነው። የልጁን ልብ መለስለስ እንደ በሽታ ያየዋል፤ ሊያድነው ይታገላል።

ከዚያ አያትየው ተገደለ። እኛ ደም መመለስ የምንለውን ግብፆች «ታር» ይሉታል። ልጁ የአያቱን ደም መለሰ። ደሙን ሲመልስ ግን እዚያው ቀረ። ጠመንጃውን አላስቀመጠም። ታጣቂዎቹን አልበተነም። ሰዉ ወጣቱ ይሻላል ብሎ ሲጠብቅ አያቱን ሆኖ ቁጭ አለ።

እዚህ ላይ ፊልሙ አንድ የማልረሳውን ነገር አድርጓል። አያትየውንም የልጅ ልጁንም የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ ማህሙድ ሙርሲ። የአሌክሳንድሪያ ልጅ ነው፤ ፍልስፍና የተማረ። ሽማግሌው ሲሞት ፊቱን ተሰናብተነዋል። ትንሽ ቆይቶ ያው ፊት ጎልማሳ ሆኖ ይመለሳል። መጀመሪያ ልብ አላልኩም ነበር፤ ቴታ ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። መንደሩ አንዱን ቀብሮ ያንኑ መልሶ አገኘ። አያትየው ከልጁ ላይ መሬትና መሣሪያ ብቻ ጭኖበት አልሄደም፤ ፊቱን ራሱን ነው ጭኖበት የሄደው።

ማህሙድ ሙርሲ አይጮህም። የሌሎች ፊልሞች ጨካኞች ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ ሲያደርግ ሌላው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከፉአዳ ፊት ሲቆም ደግሞ ያ ትንሽ ልጅ ዓይኑ ውስጥ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ቅጽበት ናት፤ ካላስተዋልክ ታልፍሃለች። እኔ ግን ያቺን ቅጽበት ስጠብቅ ነው ፊልሙን ደጋግሜ ያየሁት።

አትሪስ መንደሩን ሊቀጣ የውሃውን መዝጊያ ይዘጋል። ማሳው ይደርቃል። ሰዉ ያጉረመርማል እንጂ ማንም ወደ ቦዩ አይሄድም። ወንዶቹ ሁሉ አሉ፤ ማንም አይሄድም። ፉአዳ ትሄዳለች። ብቻዋን። መዝጊያውን ትከፍተዋለች። ውሃው ይመጣል።

ቴታ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር አሉ። በጣታቸው ቴሌቪዥኑን እያሳዩ «ይሄ ውሃ ከእናንተ አገር ነው የሚመጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አስዋን ከሚደርሰው የአባይ ውሃ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ነው። ትምህርት ቤት በቁጥር ተምሬው ነበር። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን፣ የፉአዳ እግር ሥር ነው። ፓስፖርቴ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ የውጭው በር ቁልፍ እኔ ዘንድ ሳይኖር፣ ያገሬ ውሃ ግብፅ ገብቶ ማሳ ሲያጠጣ አየሁ።

መዝጊያውን የከፈተው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አትሪስ ይገድለው ነበር። ፉአዳን መግደል አልቻለም። ስለዚህ ላገባት አለ። ሞት ያልፈረደባትን በጋብቻ ሊቀጣት ነው፤ ወይም በጋብቻ ሊያገኛት። እሱም ራሱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው መጻፍ የፈለግኩት።

የፉአዳ አባት ሐፊዝ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ደጋግሜ ነው የምለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳታል። አትሪስ ጠየቀኝ ብሎ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። እንቢ ቢል የሚሆነውን ያውቃል። ኒካህ ደግሞ ደንብ አለው፤ የወሎ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሴቲቱ ትጠየቃለች። ውክልና ትሰጣለች። ምስክር ይቆማል። ፉአዳ ተጠየቀች። እንቢ አለች። በግልጽ ነው ያለችው። የሰሟት ሰዎች ግን ከወንዶቹ ፊት ቀርበው ፈቅዳለች አሉ። አባቷም በዚያ ቃል ዳራት።

እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ወጥ ቤት ገባሁ። የቧንቧውን ውሃ ከፈትኩ፤ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

እኛ ቤት ደላላው የመጣው በ2003 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ነው። አባቴ የማዳበሪያ ዕዳ ነበረበት። ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ፤ እህሉ ዘንጋዳም ጤፍም ሳይል ደረቀ። ዕዳውን ያልከፈለ ይታሰራል የሚል ወሬ ሰፈሩን ይዞት ነበር። አባቴ ሌሊት ሌሊት ይነሳል። ጓሮ ወጥቶ ይቆማል። እናቴ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ከብቶቹን ላይ ብዬ ነው» ይላል። ከብት የምንለው አንድ በሬ ነበር።

ደላላው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ጫማው የተወለወለ። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቡና ጠጣ። እኔ ጀበናውን ይዤ ጥግ ላይ ነበርኩ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ስለ ደሞዝ አወሩ። ስለ ዕድሜ አወሩ፤ ፓስፖርቱ ላይ ሃያ አምስት ይባላል አለ። ከዚያ ደላላው ስኒውን አስቀምጦ አባቴን፣

«ልጅቱስ? ፈቃደኛ ናት?» አለው።

አባቴ ወደ እኔ አላየም። መሬት መሬቱን እያየ «ፈቅዳለች» አለ።

ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ያን ቀንም፣ ከዚያ በፊትም። ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም፤ ምናልባት እሺ እል ነበር። ጓደኞቼ እየሄዱ ነበር፤ የላኩት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያበራል። ግን አልተጠየቅኩም። ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን አስታውሳለሁ፤ እጄን እያየሁ አለመንቀጥቀጡ ገርሞኝ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ቴታ በምርኩዛቸው ወጥ ቤት ድረስ መጡ። ምን ሆነሽ አላሉኝም። ቧንቧውን ዘጉት። «እኔም አባትየውን ማየት አልችልም» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ለምን እንዳሉት እስከ መጨረሻው አልጠየቅኳቸውም።

ስለዚህ ፊልም የሚያወራ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፖለቲካ ነው። ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ግብፅ በስድስት ቀን ጦርነት ተሸንፋ ሲናን አጥታለች። አገሩ በቁስሉ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መንደሩን በፍርሃት ስለሚገዛ ሰው ፊልም ሲወጣ አትሪስ ፕሬዚዳንቱ ጋማል አብደል ናስር ነው፣ ፉአዳ ግብፅ ናት ተባለ። ፉአዳ የሚለው ስም ራሱ ልብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ የአገር ልብ አድርገው ወሰዷት። ሳንሱሩ ፈራ። ናስር ራሱ አይቶ ነው ያሳለፈው ይባላል። እኔ እንደዚህ ሰው ከሆንኩ የደረሰበት ይድረስብኝ የሚል ነገር ተናገረ እያሉም ያወሩታል። ይህ ወሬ ከፊልሙ ጋር አብሮ አርጅቷል፤ ግብፃዊ ስለ ፊልሙ ሲያነሳ ሳይነግርህ አያልፍም።

ትርጉሙ ልክ አይደለም አልልም። የሠሩት ሰዎች ያለ ምክንያት ያን ጊዜ ያን ታሪክ አልመረጡም። ግን ፉአዳን ግብፅ ስትላት አንድ ሰው ይጠፋል። አባትየው ይጠፋል። አገር አባት የላትም። አገርን ማንም መደብ ላይ ተቀምጦ ፈቅዳለች አይልላትም። ፉአዳ ግን አባት አላት፤ ያሳደጋት፣ ስሟን ያወጣላት፣ ስትታመም ያደረ። አትሪስ ቤቷ የገባው በር ሰብሮ አይደለም። በአባቷ አፍ ነው የገባው።

ይህን ለማየት ፍርሃትን ከቤት ውስጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አያስፈራራም፤ አይችልም፤ ጊዜም የለው። እሱ አንዱን ይገድላል። ቀሪውን እናት ለልጇ ትነግራለች። ዝም በይ። አንገትሽን ድፊ። ለእኛ ብለሽ። ይህን የሚሉን የሚጠሉን አይደሉም። ቤይሩት ውስጥ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ ስልክ ሲደውሉ ከቤት የሚሰሙት ይህንኑ ነበር። ቻይው። ትንሽ ቻይው። የሚሏቸው እናቶቻቸው ናቸው፤ ስልኩን ሲዘጉ የሚያለቅሱትም እነሱ ናቸው።

ፉአዳ አትሪስ ቤት ከገባች በኋላ ያለውን ፊልሙ ጊዜ ወስዶ ያሳያል፤ ደግ አድርጓል። አትሪስ ፈቅዳለች ብለውት አምኗል። ማመን ስለፈለገ ነው ያመነው። እሷ ግን ፊት ለፊት ቆማ አልፈቀድኩም ትለዋለች። ፉአዳን የምትጫወተውን ሻዲያን ሰው የሚያውቃት በዘፈንና በሳቅ ነው፤ የፍቅር ኮሜዲ ላይ ብርቱካን የምትመስል ሴት ነበረች። እዚህ ሳቋን ደብቃዋለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው። አትለምንም። አትሳደብም። ያልሆነውን አልሆነም ነው የምትለው። መንደሩ ሁሉ የሚርድለት ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ክፍሉ የሚያደርገው ጠፍቶት ሲቆም ታያለህ። በጉልበት ሊነካት ይችል ነበር። የሚፈልገው ግን እሱን አይደለም። የሚፈልገው በልጅነታቸው የነበረውን ነው፤ ያንን ደግሞ የቀበረው እሱ ራሱ ነው።

አንዳንድ ጊዜ አዝንለታለሁ። ይህን ለጓደኞቼ ስናገር ይቆጡኛል። «ገዳይ ነው እኮ» ይሉኛል። ነው። የገደላቸው ሰዎች እናቶች አሏቸው። ግን ያ ግፍ የማይወድ ልጅ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅለት ማነው? አያቱ አንድ ቤተሰብ አልነበረም ያፈረሰው። የሰዉን ሁሉ ቤት ሲያፈርስ ኖሮ መጨረሻ ላይ የራሱን አፈረሰ፤ የሚወደውን ልጅ ወስዶ።

ሼህ ኢብራሂም የመንደሩ አዋቂ ናቸው። የሚጫወቷቸው ያህያ ሻሂን ነው። እሳቸው ናቸው ያ ኒካህ ባጢል ነው ያሉት። ልብ በሉ፤ ሼሁ ግደሉት አላሉም። ተነሱበት አላሉም። ብያኔ ነው የሰጡት፤ አንድ ቃዲ መዝገብ ላይ የሚጽፈው ዓይነት ደረቅ ቃል። ያልፈቀደች ሴት ኒካህ አይታሰርም፣ አለቀ። አትሪስ አፋቸውን ሊያዘጋ ልጃቸውን ማህሙድን አስገደለው። ሼሁ ልጃቸውን ሊቀብሩ ሲወጡ ያንኑ ቃል እየደጋገሙ ወጡ። የአትሪስና የፉአዳ ጋብቻ ባጢል ነው። አንድ ሰው ተቀበላቸው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ችቦ ይዞ ወጣ።

ሰዉ ያለው «ይውደም» አልነበረም። ይህን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ያሉት የታወቀውን ነው። ሁሉም ሰው ፉአዳ እንዳልፈቀደች ያውቅ ነበር። ምስክሮቹም ያውቁ ነበር፣ ሐፊዝም ያውቅ ነበር፣ ሕፃናቱም ያውቁ ነበር። የጎደለው አፍ አውጥቶ መናገር ብቻ ነበር። አንድ አባት ለመናገሩ የከፈለው ዋጋ ልጁን ነው፤ ሌላው አባት ላለመናገሩ የከፈለው ዋጋም ልጁን ነው። ፊልሙ ሁለቱን አባቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ተቺዎች ይህን ሲጽፉ ማየት እመኛለሁ።

ታጣቂዎቹ ጥለውት ሸሹ። ቤቱ ተቃጠለ። አትሪስ እዚያው ውስጥ ቀረ።

ሻዲያ የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ነው። ትወናውንም ዘፈኑንም ከተወች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ተከናንባ፣ ከካሜራ ርቃ ነበር የምትኖረው። ጣቢያው ፊልሞቿን በተከታታይ አሳየ። ቴታ ያን ቀን አልጋ ላይ ነበሩ፤ መነሳት አቅቷቸዋል። ቴሌቪዥኑን ወደ መኝታ ክፍላቸው ገፍቼ አስገባሁላቸው። የፉአዳ ሲደርስ እጄን ያዙኝ። ውሃው ጋ ስንደርስ ጠበቅ አደረጉኝ። የኒካሁ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን አላየንም፤ መጋረጃውን አየን። ቴታ በዓመቱ አረፉ። ማዳም ፓስፖርቴን ያን ሰሞን መለሰችልኝ፤ እኔም በ2011 አገሬ ገባሁ።

አባቴ አርጅቷል። ዓይኑ ደክሟል። የላክኩት ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አለ፤ ዕዳውም ድሮ ተከፍሏል። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እኔም አላነሳሁበት። ምን ብዬ? የሚያፍርበትን እያወቅኩ?

ባለፈው ዓመት አረፋን እዚያው ቤት ዋልኩ። ማታ እናቴ እሳቱን ቆስቁሳ ቡና ታፈላለች። አባቴ «ያ አረብ አገር ስታዪው ኖርኩ የምትይው ፊልም እስቲ» አለኝ። ስልኬን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ከፈትኩለት። አጠገቡ ተቀምጬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነገርኩት። አያትየው ሲሞት «እሰይ» አለ። ፉአዳ ውሃውን ስትከፍት ከመደቡ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። «ወንድ ናት!» አለ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ፉአዳ ተናገረች። ሰዎቹ ወጥተው ለወንዶቹ ተናገሩ። እኔ መተርጎም አቆምኩ።

«ምን አሏቸው?» አለኝ አባቴ።

«ፈቅዳለች አሉ።»

እናቴ ማማሰያውን አቆመች። አባቴ ስልኩን እንጂ እኔን አላየም።

«እሷስ? እሷ ምን ነበር ያለችው?»

«እንቢ ነበር ያለችው፣ አባዬ።»

ጋቢውን ወደ ላይ ሳበው። ፊልሙ ሄደ። ሼሁ ተናገሩ፣ ልጃቸው ተገደለ፣ ችቦው ወጣ፣ ቤቱ ነደደ። አባቴ አንድም ጊዜ ምን አሉ አላለኝም፤ እኔም አልተረጎምኩለትም። ሲያልቅ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። እናቴ ልታሞቀው አነሳችው።

«አንቺ ልጅ» አለኝ። ድምፁ ተቆረጠበት፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳንጠይቅሽ ነው የሰደድንሽ።»

«አዎ» አልኩት።

ጥቂት ቆየና እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። «እስቲ ውሃውን የከፈተችበትን መልሰሽ አሳዪኝ።»

በጣቴ ወደ ኋላ መለስኩት። ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ፉአዳ ብቻዋን ወደ ቦዩ ስትሄድ ዓይኑን ጨፍገግ አድርጎ ተከተላት፤ ውሃው እስኪመጣ።